የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ሕይወትና የቅሬያችን መዝገብ

በየዓመቱ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችን የአንድ ቅዱስ ወይም የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ማውጣት የቆየ ልማዳችን ነው። ለዘንድሮ የመረጥነው በየወሩ በ24 ቀን ጽዋዋ የሚጠጣውን፥ ከእናቶቻችን አፍ ስሟ የማይለየውን የቅድስት ክርስቶስ ሠምራን ሕይወት ነው።

አንዳንዶቻችሁ፥ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዓይናችን ፊት እያለ፥ በ13ኛው መቶ ዘመን በዚያ ወንበር ዘርግተው ብዙ ደቀ መዛሙርት ያፈሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ እያሉ፥ የቡልጋ ተወላጅና የጣና መናኝ ለምን ተመረጠች ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንኳ ከሸዋ ድረስ መጥተው የተማሩት እዚሁ ነው። ነገር ግን ገዳማችን ሴት የማይገባበት ገዳም ስለ ሆነ፥ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ከውጭ ቆመው ነው የሚሳለሙት። ስለዚህ ባሕር ውስጥ ቆማ የጸለየች የአንዲት ሴት ታሪክ ለነሱ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከዚህም ሌላ በሕይወቷ ውስጥ ቅሬያችንን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን።

ክርስቶስ ሠምራ የተወለደችው በሸዋ፥ በቡልጋ ነው። ሊቃውንት ዘመኗን ወደ 15ኛው መቶ ዘመን ያደርጉታል። በሃይማኖትና በምግባር አድጋ፥ ለአካለ መጠን ስትደርስ ሠምረ ጊዮርጊስ ለሚባል ሰው ተዳረች፤ ልጆችም ወለደች። ቤቷ የሞላ የተረፈ ቤት ነበር። ከብቱ በበረት፥ እህሉ በጎተራ፥ አገልጋዩ በጓዳና በደጅ። እሷም ብትሆን የምትጾም፥ የምትመጸውት፥ ቤተ ክርስቲያን የምትስም እመቤት ነበረች። ዛሬ በየደብራችን ምን ጥሩ ሴት ናት የምንላት ዓይነት ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው እዚህ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከአገልጋዮቿ አንዲቱ አስቆጣቻት። እመቤቲቱም ቁጣዋን መቆጣጠር አቅቷት፥ የሚነድ ትንታግ ከእሳቱ አንሥታ በልጅቱ አፍ ጨመረችባት፤ ልጅቱም ወዲያው ሞተች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ፍትሐ ነገሥታችን ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነፃ መሆኑን ይመሰክራል፤ ዞር ብሎ ደግሞ በጦርነት የተማረከው ባሪያ እንዲሆን ይፈቅዳል። በአንድ ደብር ጌታውም ባሪያውም በአንድ ጥምቀት ተጠምቀው፥ ከአንድ መንበር ቆርበው፥ ቤት ሲገቡ ግን አንዱ የሌላው ንብረት ይሆን ነበር። በዚያን ዘመን አገልጋይ በጌታዋ እጅ ብትጎዳ ደፍሮ የሚከስላት ማግኘት ቀላል አልነበረም። ክርስቶስ ሠምራም ልጅቱን አስቀብራ፥ በማግሥቱ ሌላ አገልጋይ ወደ ጓዳ አስገብታ፥ ጾሟንና ምጽዋቷን ልትቀጥል ትችል ነበር። ሰው ሁሉ እንደ ዱሮው ጥሩ ሴት ናት ማለቱን ባልተወ።

እሷ ግን እንዲያ አላደረገችም። ገድሏ እንደሚለው ደንግጣ አለቀሰች፥ ወድቃም ጸለየች። እግዚአብሔር ይህችን ልጅ ቢያስነሣልኝ ቤቴንና ሀብቴን ትቼ እሱን አገለግላለሁ ብላ ተሳለች። ልጅቱም ከሞት ተነሣች። ስለቱ ሲሰምር ደግሞ ብዙዎቻችን እንደምናደርገው ቃሏን አላጠፈችም። ባሏን፥ ልጆቿን፥ ያን ሁሉ ሀብት ትታ ወጣች።

ሌላም የሚደንቅ ነገር አለ። ይህን ታሪክ ለጸሐፊው ለአባ ፊልጶስ የነገረችው ራሷ መሆኗ በገድሉ ተጽፏል። በዚያ ሁሉ ተጋድሎ ከከበረች በኋላ ጥፋቷን ደብቃ ጽድቋን ብቻ ማስጻፍ ትችል አልነበረምን? ያችን የጓዳ ልጅ ማን ያስታውሳት ነበር? እሷ ግን አልደበቀችም። የምንኩስናዋ መነሻ በአገልጋይዋ ላይ የፈጸመችው ግፍ መሆኑን ሳታፍር ተናገረች።

ከቤቷ ከወጣች በኋላ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዳ መነኮሰች። ከዚያም ወደ ጣና ባሕር ተሻግራ ቀሪ ዘመኗን በዚያ ኖረች። የባሕሩ ጸሎቷ በምእመናን ዘንድ የታወቀ ነው። ለ12 ዓመት ባሕር ውስጥ ቆማ እንደ ጸለየች፥ ሥጋዋ ከመጎዳቱ የተነሣ ዓሦች በአካሏ ውስጥ ይመላለሱ እንደ ነበር ይተረካል። እኛ ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች የሌሊት ውኃ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ እናውቃለን። ሰው አንዲት ሌሊት እንኳ ቆሞ ማደሩ ያስጨንቃል።

ታዲያ ያን ያህል ቆማ ምን ለመነች? ለራሷ ብቻ አልነበረም። ከሁሉ ይልቅ የምትታወቅበት ልመና፥ እግዚአብሔር ዲያብሎስን እንዲምረው መለመኗ ነው። ሰውን ሁሉ የሚያሳስተው እሱ ስለ ሆነ፥ እሱ ቢታረቅ ሰው ሁሉ ይድናል ብላ ነው። ጌታም ፈቀደላት፥ ቅዱስ ሚካኤልም አብሯት ወደ ሲኦል ወረደ። ጠላት ግን ዕርቁን አልወደደም፤ ይልቁንም እሷኑ ይዞ ጎተታት። ቅዱስ ሚካኤል ከእጁ አስጣላት፤ ስትወጣም ብዙ ነፍሳት ይዛ ወጣች።

ይህን ስንሰማ አንዳንዶቻችን ፈገግ እንላለን፤ ለሰይጣን ምሕረት የሚለምን ሰው አለ ወይ እንላለን። ግን ሁለቱን ነገር አጠገብ ለአጠገብ አድርገን እንመልከተው። ይህች ሴት ለአንዲት አገልጋይ የቤት ውስጥ ጥፋት ምሕረት የነፈገች ሴት ነበረች። በመጨረሻ ለሰው ዘር ሁሉ ጠላት ሳይቀር ምሕረት የምትለምን ሆነች። ጸሎቷ የለወጠው ይህን ነው። በእጇ ትንታግ ይዛ የነበረች ሴት፥ ኋላ ጠላቷን እንኳ በእጇ መምታት ሳይሆን በልመና ማስታረቅ ፈለገች። ባሕር ውስጥ መቆሙ ለሁላችን የሚቻል አይደለም። ይኸኛው ግን ለእኛም የቀረበ ነው።

ክርስቶስ ሠምራ ዕረፍቷ ነሐሴ 24 ቀን ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ያረፉት በዚሁ ዕለት ስለ ሆነ፥ የሁለቱ በዓል አንድ ላይ ይከበራል።

ከሷ ዘመን በኋላ ባርነት በአገራችን ወደ 500 ዓመት ያህል ቆየ። ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ እየተያዙ በሸዋና በወሎ አልፈው ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ የተነዱት ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች ጊዜ ባሮች ነፃ የሚወጡበት ደንብ ወጣ፤ በ1923 ዓ.ም. ተጠናከረ፤ በ1934 ዓ.ም. ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ሕጉ እንዲህ ሆኖ ሳለ፥ ልጅ ሲዳር አጥንት መቁጠሩ፥ ጠብ ሲነሣ ባሪያ ብሎ መሳደቡ፥ ቀጥቃጩን ቡዳ ማለቱ ከመካከላችን ጨርሶ አልጠፋም። እንዲያው እንተማመን፤ ስድቡን ያልሰማ ወይም ያልተሳደበ ማነው?

የሌላውን አገር ታሪክ ስንሰማ ግን ፈጥነን እናዝናለን። በአሜሪካ ጥቁሮች ከነጮች በተለየ ወንበር ሲቀመጡ፥ በተለየ መቃብር ሲቀበሩ መኖራቸውን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1955 በሞንትጎመሪ ከተማ የነበሩ ጥቁር ምእመናን በየቤተ ክርስቲያናቸው እየተሰበሰቡ ጸለዩ፥ ተመካከሩ። ከዚያም ማንንም ሳይመቱ፥ ቢመቱም ሳይመልሱ፥ ከአንድ ዓመት በላይ አውቶቡስ መሳፈር ትተው በእግራቸው ሄዱ። በመጨረሻም የወንበሩ ልዩነት በሕግ ቀረ። ይህን እናደንቃለን። ሆኖም የተለየ መቃብር የሚለው ነገር ወደ ገዛ መዝገባችን ይመልሰናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአባሎቻችን በአንዱ ቤት የምትሠራ ወጣት ድንገት ታማ ዐረፈች። ጥሩንባ አልተነፋም። መዝገቡ ሲታይ በቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች ድንኳኑም አግዳሚውም ከዕቃ ቤት አልወጣም። ጥቂት ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዷት። ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ ካህኑ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሟን ሲጠይቁ ከዚያ ቤት የሚያውቅ አለመገኘቱ ነው። አራት ዓመት እንጀራ የጋገረችበት ቤት ነው እኮ! በመጨረሻ ስሟን የነገረችን አብራት ውኃ ትቀዳ የነበረች የጎረቤት ሠራተኛ ናት።

ጥፋቱን በዚያ ቤት ላይ ብቻ አንጭነውም። ደንቡን የጻፍነው እኛ ነን፤ ጥሩንባውን ያላስነፋነው እኛ ነን፤ በማግሥቱም ስለ ነገሩ ሳንነጋገር የቀረነው እኛው ነን። የክርስቶስ ሠምራ ታሪክ በየወሩ ሲተረክም ያች ከሞት የተነሣችው አገልጋይ ስሟ ሲነሣ ሰምተን አናውቅም፤ ማን ነበረች ብለንም ጠይቀን አናውቅም። እኛ በወሎ የምንኖር፥ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ መቃብር ሲቆፍር፥ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ ድንኳን ሲተክል ያደግን ሰዎች ነን። በሃይማኖት ሳንለያይ የምንቀባበር ሰዎች ሆነን ሳለ የጓዳውን በር መሻገር ማቃታችን ያሳፍራል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፥ በአባል ቤት የሚኖር ሠራተኛ ሁሉ፥ እረኛም ይሁን የቤት ሠራተኛ፥ ስሙ በመዝገብ ይግባ፤ ክርስቲያን ከሆነ የክርስትና ስሙ፥ ሃይማኖቱ ሌላ ከሆነም ያው ተገልጾ፥ የወላጆቹ አገር አብሮ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ ሞት ቢደርስ ጥሩንባው፥ ድንኳኑ፥ ቀባሪው እንደ ማናችንም ልጅ ይሁን። ሦስተኛ፥ በአንድ ቤት ሠራተኛ ትደበደባለች የሚል ወሬ ሲሰማ የቅሬው ሽማግሌዎች ሄደው ይጠይቁ፤ የሰው ቤት ጉዳይ ነው ተብሎ አይታለፍ።

ይህን ስናነሣ የሚቃወሙ አባላት እንዳሉ እናውቃለን፤ አሳባቸውም ዋጋ ቢስ አይደለም። ሠራተኛ ዛሬ ገብታ በወሩ ትወጣለች፥ መዝገቡ መቼ ይደርስባታል ይላሉ። የቅሬው ገንዘብም ለአባላቱ ልጆች እንኳ አንዳንዴ አይበቃም ይላሉ። ለፊተኛው፥ ወርኃዊ መዋጮ ሲሰበሰብ ጸሐፊው አንዲት ጥያቄ ቢጨምር የሚከብድ አይመስለንም። ለሁለተኛው ግን ሳንሸሽግ እንናገር፤ ወጪው በጥቂቱም ቢሆን ይጨምራል። መዋጮ ከፍ ማድረግ ግድ ቢሆን ከፍ እናድርግ፤ ካልተቻለም የሁላችንም ንፍሮና መስተንግዶ ትንሽ ይቀነስ። ድንኳኑን መትከልና ጥሩንባውን መንፋት ግን ጉልበት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

እስከ ስብሰባው ድረስ አንድ ነገር እንድታደርጉልን እንለምናለን። እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ፥ አብራን የምትኖረውን ልጅ የክርስትና ስሟን፥ ወይም አባቷ ያወጡላትን ስም፥ እንዲሁም የትውልድ አገሯን እንጠይቃት። ጽፈንም ለጸሐፊው እንስጥ።

የእናታችን የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ በረከት ይደርብን። በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩትን፥ ስማቸው በመዝገባችን ያለውንም የሌለውንም፥ ነፍሳቸውን ይማር። አሜን።