ሙሴ ጸሊምና የሥጋ ፈተና

ሙሴ ጸሊም በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረ፥ አስቀድሞ ወንበዴ በኋላም መነኩሴ የሆነ ጻድቅ ነው። ጸሊም ማለት ጥቁር ማለት ሲሆን፥ የግሪክ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊ ይሉታል። በዚያ ዘመን ይህ ስም ከግብፅ በስተ ደቡብ ለሚኖሩት ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ ይሰጥ ስለ ነበር፥ የጎንደርም ሰው ሆነ ነጭ ዓባይ የሚያልፍባት የጁባ ክርስቲያን ሙሴን ወገኔ ቢለው ይገባዋል።

ሙሴ የአንድ ግብፃዊ ሹም ባሪያ ነበር። ስለ ስርቆቱና ስለ ክፋቱ ጌታው ቢያባርረው የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። አንድ ጊዜ እረኛ ሊገድል ሰይፉን በአፉ ነክሶ፥ የሞላውን ዓባይ በዋና እንደ ተሻገረ ይነገራል።

በኋላ ተጸጽቶ በአስቄጥስ መነኮሰ። አራት ወንበዴዎች በበኣቱ ቢመጡበት፥ ብቻውን አስሮ እንደ ገለባ ጆንያ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው፤ እነርሱም ማንነቱን ባወቁ ጊዜ መነኮሱ።

ነገር ግን አራት ሰው የተሸከመው ጉልበት የገዛ ሥጋውን ምኞት ማሸነፍ አቃተው። የዝሙት አሳብ ቢያስጨንቀው ወደ ካህኑ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ሳይደብቅ ነገረው። ኤስድሮስም ሥጋ ቤት የለመደ ውሻ የሚሰጠው ሲያጣ እንደሚቀር፥ የቈየ ልማድም በትዕግሥት እንጂ በአንድ ቀን እንደማይለቅ አስረዳው። ሙሴ ምግቡን ቀነሰ፤ 6 ዓመት ሌሊቱን ቆሞ ጸለየ፤ ፈተናው ግን አልተወውም። ከዚያም በሌሊት እየዞረ ለደከሙ ሽማግሌዎች ውሃ ይቀዳላቸው ጀመር። አንድ ሌሊት በጕድጓዱ አጠገብ ወገቡን ተመትቶ ወደቀ፤ አንድ ዓመት ያህልም ታመመ። ያን ጊዜ ኤስድሮስ በክርስቶስ ስም ፈተናው እንደ ራቀለት አበሠረው፤ እስከዚያ የቈየበትም በራሱ ኃይል ድል ነሣሁ ብሎ እንዳይታበይ መሆኑን ገለጸለት።

ይህን ትምህርት ሙሴ አልረሳም። ቅስና ከተቀበለ በኋላ በአንድ በደለኛ ወንድም ላይ ሊፈርዱ ቢጠሩት፥ የሚያፈስ ዕቃ ውሃ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ ገባ፤ የራሱ ኃጢአት በስተኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ተናገረ። ያም ወንድም ይቅር ተባለ።

በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በርበሮች ገዳሙን ሲወሩ፥ ቀድሞ ሰይፍ ያነሣ ስለ ነበር ልሽሽ አላለም፤ ከወንድሞቹ ጋር ተገደለ። ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 24 ቀን ታስበዋለች። በምኞቱ ተሸንፎ ተስፋ የቈረጠ ሰው ከዚህ ሕይወት የሚያገኘው ትምህርት፥ ድካሙን ለመምህረ ንስሓው ሳያፍር መንገርና ተግቶ ድሉን ከእግዚአብሔር መጠበቅ ነው።