ቅድስት ተሬዛ ዘሕፃኑ ኢየሱስ በቤት የተማረችባቸው ዓመታት

የቅድስት ተሬዛ ዘሕፃኑ ኢየሱስ ሥዕል በብዙ ቁምስናዎች ይታያል፤ ጽጌረዳዋንም ምእመናን ያውቃሉ። ፊደል የቆጠረችው ግን በቤቷ፣ በእኅቷ እጅ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ወላጆች፣ እንዲሁም ሕፃናትን በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ የሚያገኙ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ከዚህ የሕይወቷ ክፍል የሚጠቅማቸውን እንደሚያገኙ እናምናለን። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ተሬዛ ማርቲን በ1873 በፈረንሳይ አገር በአላንሶን ከተማ ተወለደች። በ1877 እናቷ ዜሊ ሲያርፉ አባቷ ሉዊ አምስት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው የእናታቸው ወንድም ወደሚኖሩበት ወደ ሊዝዬ ሄዱ። ታላቂቱ ማሪ የቤቱን አስተዳደር ያዘች፤ የ16 ዓመቷ ፖሊን ደግሞ የተሬዛ መምህርት ሆነች።

ጠዋት የትምህርት ጊዜ ነበር። ሕፃኗ ትምህርተ ክርስቶስንና የቅዱሳት መጻሕፍትን ታሪክ ትወድ ነበር፤ ሰዋስውና የቃላት አጻጻፍ ግን ያስለቅሷት ነበር። ትምህርቱ እንዳበቃ ውጤቷን ይዛ አባቷ ወደሚቀመጡበት ሰገነት ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ ከአባቷ ጋር በእግር ትንሸራሸራለች፤ መንገዳቸው ላይ ቤተ ክርስቲያን ገብተው በቅዱስ ቁርባን ፊት ይንበረከካሉ። ከዚያ በኋላ የቤት ሥራ፣ ቀጥሎም በአትክልቱ ስፍራ ጨዋታ ነበር። ማታ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ዳማ ይጫወታል፤ ስለ በዓላት የሚያስረዳ መጽሐፍ ይነበባል፤ በጸሎትም ይደመደማል። እሑድ ትምህርት አልነበረም፤ ሲመሽ ግን የነገው ትምህርት ትዝ እያላት ታዝን ነበር። የሰኞ ነገር ለቅድስቲቱም ቀላል አልነበረም ማለት ነው።

ፖሊን የወሰነችውን አትሽርም ነበር። ተሬዛ ለሽርሽር ስትለምን አባቷ እንኳ የፖሊንን ፈቃድ ይጠብቁ ነበር። ሆኖም ፖሊን ያለ ምክንያት አትቆጣም፤ ስታስተምርም በዓይን የሚታይ ነገር ትጠቀም ነበር። በሰማይ የቅዱሳን ሁሉ ክብር እኩል አለመሆኑ ተሬዛን ባሳዘናት ጊዜ የአባታቸውን ትልቅ ብርጭቆና ሲሰፉ ጣት ላይ የሚደረገውን ትንሽ ቆብ አምጥታ ሁለቱንም ውሃ ሞላቻቸው፤ የበለጠ የሞላው የትኛው እንደ ሆነም ጠየቀቻት። እንዲህ ያለውን ትምህርት ብርጭቆ ያለው ሁሉ ሊሰጠው ይችላል።

በ1881 ተሬዛ በቤኔዲክታውያን ደናግል ትምህርት ቤት ገባች። በዕውቀት ከታላላቆቿ ጋር ተመደበች፤ ባልንጀርነትን ግን አልለመደችም ነበር። አንዲት በዕድሜ የምትበልጣት ተማሪ በቅናት ስታስቸግራት ዝም ብላ ታለቅስ ነበር። እነዚያን አምስት ዓመታት የሕይወቷ አሳዛኝ ዘመን አድርጋ ቈጥራቸዋለች። በቤት የሚያስተምር ሰው ይህን የታሪኩን ክፍል ባያልፈው እንመክራለን።

በ1886 ትምህርት ቤቱን ትታ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ወደ ወይዘሮ ፓፒኖ ቤት እየሄደች ተማረች። እንግዳ በገባ ቁጥር ትምህርቱ ይቋረጥ ነበር። የማርያም ልጆች ማኅበር አባል ለመሆን ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቷ ትመለሳለች፤ የእጅ ሥራዋን ጨርሳ አባቷ እስኪመጡ በቤተ ጸሎቱ ትቆያለች። በ14 ዓመቷ የዕውቀት ጥማት ሲያድርባት ታሪክንና ሳይንስን በግሏ አጠናች፤ ምኞቷን ለመግታት ስትል የተወሰኑ ሰዓታት ብቻ መደበችላቸው፤ ከዚያም አላለፈችም።

በ1888 ገዳመ ቀርሜሎስ ገባች። ፖሊን ቀድማ በ1882 ገብታ ነበር፤ በኋላም እማሆይ አኜስ ተብላ የገዳሙ አለቃ በሆነች ጊዜ ተሬዛ የልጅነት ትዝታዋን እንድትጽፍ አዘዘቻት። ተሬዛ በ1896 ደብተሩን ብታስረክባትም እማሆይ አኜስ ለጊዜው አስቀመጠችው፤ ያነበበችው አለቅነቷ ካበቃ በኋላ ነበር። ተሬዛ በ1897 በ24 ዓመቷ አረፈች። በ1925 ቅድስት፣ በ1997 ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ተባለች። ወላጆቿም በ2015 ቅዱሳን ተብለው ታወጁ። ያ ደብተር ከሌሎች ጽሑፎቿ ጋር በ1898 መጽሐፍ ሆኖ ከመታተሙ በፊት አርማ ያዘጋጀችው ያችው የቤት መምህርቷ ፖሊን ነበረች።