ቅርጾችን በቁጥር የመዘገበው የቄስ ልጅ

ቤርንሃርድ ሪማን የሚባል ስም ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ብዙዎቻችን የምናውቀው 1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ከተቆረጠለትና እስከ ዛሬ ማንም ካልፈታው የሒሳብ ጥያቄ ጋር ነው። እኛ ግን ዛሬ ብዙም ስለማይወራለት ሌላ ሥራው ነው የምናወራችሁ። ይህ ሰው የሞተው ገና በ39 ዓመቱ ነው። ከመሞቱ 9 ዓመት በፊት አንድ ነገር ቆጠረ። የቆጠረው ነገር በትክክል ምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ዓለም ከ100 ዓመት በላይ ፈጅቶባታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሪማን የተወለደው ሴፕቴምበር 17 ቀን 1826 በዛሬዋ ሰሜን ጀርመን፣ ብሬሰለንዝ በምትባል መንደር ነው። አባቱ የሉተራን ቄስ ነበሩ። ልጆቹ 6፣ ገቢያቸው ደግሞ ትንሽ። መጀመሪያ ያስተማሩት እቤት ውስጥ ራሳቸው አባቱ ናቸው። በ1840 ሃኖቨር ከተማ አያቱ ዘንድ ሄዶ መማር ጀመረ፤ አያቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያርፉ ደግሞ ወደ ሉነቡርግ ተዛወረ። ልጁ ዓይን አፋር ነው፤ ሰው ፊት መናገር ይጨንቀዋል፤ የቤተሰቡም ናፍቆት አይለቀውም። ሒሳብ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ከ800 ገጽ በላይ ያለውን የሌዣንድርን የቁጥር መጽሐፍ አውሰውት፣ በሳምንት ውስጥ ጨርሶ እንደመለሰላቸው ይነገራል።

በ1846 ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የተመዘገበው ለሥነ መለኮት ነበር። እንደ አባቱ ቄስ ሆኖ ቶሎ ደመወዝ ቢያገኝ ቤተሰቡ ይደገፋል። ልቡ ያለው ግን ሒሳብ ክፍል ነው። አባቱን ሳያስፈቅድ ማድረግ አልፈለገም። ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ሁሉ በዚያች ፈቃድ ላይ የቆመ ነው።

በርሊን ሄዶ ሁለት ዓመት ከነዲሪክሌ ተማረ። በ1851 ጎቲንገን ተመልሶ በታላቁ ጋውስ ሥር ዶክትሬቱን ጨረሰ። በ1854 ደግሞ ስለ ጂኦሜትሪ መሠረት የሰጠው አንድ ንግግር ከ60 ዓመት በኋላ ለአንስታይን የስበት ቲዎሪ መሣሪያ ሆነ። ገንዘቡ ግን የለም። በዚያ ዘመን ጀማሪ መምህር የሚኖረው ተማሪዎች በሚከፍሉት ነው፤ የመጀመሪያ ኮርሱን ሊሰሙ የመጡት 8 ሰዎች ነበሩ። ሪማን በዚሁም ደስ አለው፤ ብዙ መጡልኝ ብሎ።

በ1855 አባቱ ሞቱ። በ1857 ቤተሰቡን የሚረዳው ወንድሙም ሞተ፤ የሦስት እህቶቹ ኑሮ በሪማን ትከሻ ላይ ወደቀ። ያንን ቆጠራ ያሳተመው እንግዲህ በዚሁ ዓመት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልካችሁ ላይ የሰው ፎቶ በሁለት ጣት ስታሳድጉት ፊቱ ያው ፊት ነው። ወደ ጎን ብቻ ብትለጥጡት ግን ይበላሻል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሲያድግ ማዕዘኖቹ አይነኩም፤ ሲለጠጥ ይጣመማሉ። ሪማንም ቅርጾችን የሚያያቸው በዚህ ዓይን ነው። አንዱን ቅርጽ ሌላው ላይ ማዕዘን ሳታበላሹ ማልበስ ከቻላችሁ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው። ቅርጾቹ ደግሞ ከየትም የመጡ አይደሉም። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ከምንስላቸው ከርቮች ነው የሚወለዱት፤ እኩልታቸው ውስጥ ‹‹ኮምፕሌክስ›› የሚባሉትን ቁጥሮች ስናስገባ ከርቩ ወፍሮ እንደ ኳስ ወይም እንደ ቦምቦሊኖ ያለ ገጽ ይሆናል።

የሪማን ጥያቄ ይሄ ነበር፦ ቀዳዳቸው እኩል የሆነ ቅርጾች ሁሉ አንድ ናቸው? ካልሆኑስ አንዱን ከሌላው ለመለየት ስንት ቁጥር ይበቃል?

ኳስ ቀዳዳ የለውም። ኳሶች ሁሉ አንድ ናቸው፤ የሚያስፈልገው 0 ቁጥር። አንድ ቀዳዳ ያለው ቦምቦሊኖ ግን ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት 1 ቁጥር ያስፈልጋል። ከሁለት ቀዳዳ ጀምሮ ደግሞ ሪማን ያገኘው ሕግ ቀላል ነው፦ የቀዳዳውን ብዛት በ3 አባዙ፣ 3 ቀንሱ። እንደ መነጽር ፍሬም 2 ቀዳዳ ላለው 3 ቁጥር፣ ለ3 ቀዳዳ 6፣ ለ4 ቀዳዳ 9። (እነዚህም ቁጥሮች ኮምፕሌክስ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሁለት ተራ ቁጥር ይይዛል።) ለእነዚህ መለያ ቁጥሮች ‹‹ሞዱላይ›› የሚል ስም አወጣላቸው።

አሁን አንድ ካርታ አስቡ። እያንዳንዷ ነጥብ ከተማ ሳትሆን አንድ ሙሉ ቅርጽ ናት። ዛሬ ‹‹ሞዱላይ ስፔስ›› የሚባለው ይህ ካርታ ነው። ሪማን ካርታው ስንት አቅጣጫ እንዳለው ነገረን፤ ካርታውን ራሱን ግን ሠርቶ አላሳየም። ጊዜም አላገኘም።

በ1859 ዲሪክሌ ሲሞት ሪማን በቦታው ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያው ዓመት ከ10 ገጽ የማትበልጥ ጽሑፍ ስለ ፕራይም ቁጥሮች አወጣ፤ የሚሊዮን ዶላሩ ጥያቄ ያለው እዚያች ውስጥ ነው። ደመወዙ ተስተካከለ፤ በ1862 ኤሊዘ ኮህ የምትባል ሴት አገባ። ኑሮ ገና ፊቱን ሊያዞርለት ሲል፣ በዚያው ዓመት መኸር ላይ የሳንባ ሕመም ያዘው፤ ወደ ቲቢ ተለወጠ። ሐኪሞች ሞቃት አገር ይሻልሃል ስላሉት ጣሊያን እየተመላለሰ ኖረ። ልጁ ኢዳ የተወለደችው ፒሳ ነው። በ1866 የፕራሻና የሃኖቨር ጦር ሲጋጠሙ ለመጨረሻ ጊዜ ከጎቲንገን ወጣ። ጁላይ 20 ቀን በማጆሬ ሐይቅ ዳር፣ ሴላስካ በምትባል መንደር አረፈ። ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት እንኳ የበለስ ዛፍ ሥር ጋደም ብሎ ይሠራ ነበር።

ከሞተ በኋላም ፈተናው አላበቃም። በ1870 ቫየርሽትራስ የሚባለው የበርሊን ሊቅ፣ የሪማን ማረጋገጫዎች የተደገፉበት አንድ መርሕ ያለ ማስረጃ የተወሰደ መሆኑን አሳየ። ሙግቱ ትክክል ነበር። ታዲያ ቆጠራው ይውደቅ? አልወደቀም። ሂልበርት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ክፍተቱን ደፈነው። ካርታውም ቀስ በቀስ ተሠራ። በ1969 ዴሊኝና ማምፈርድ የካርታውን ጠርዝ ሳይቀር ጨመሩበት፤ ጠርዙ ላይ ያሉት ወገባቸው እየቀጠነ ሄዶ አንድ ነጥብ ላይ የተቋጠሩ ቅርጾች ናቸው።

የሚገርመው ግን ገና ነው። በ1986 ሄረርና ዛጊየር የተባሉ ሁለት ሰዎች ስለዚህ ካርታ አንድ ቁጥር ማወቅ ፈለጉ። ‹‹የኦይለር ቁጥር›› ይባላል። ለምሳሌ ለዳይ 8 ማዕዘን ሲቀነስ 12 ጠርዝ ሲደመር 6 ገጽ፣ 2 ይሰጣል። ለካርታው የተጠቀሙበት መንገድ የልጆች ጨዋታ ይመስላል፦ ባለብዙ ጎን ወረቀት ወስዶ ጎኖቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማጣበቅ፣ ከዚያ ምን ዓይነት ቅርጽ ስንት ጊዜ እንደሚወጣ መቁጠር። ባለ 4 ጎን ወረቀት 3 መንገድ አለው፦ 2ቱ ኳስ፣ 1ዱ ቦምቦሊኖ። ባለ 6 ጎን 15 መንገድ አለው፦ 5ቱ ኳስ፣ 10ሩ ቦምቦሊኖ።

ቆጥረው ሲጨርሱ መልሱ ከየት ብቅ አለ? ከ1859ኟ ጽሑፍ! ሪማን ለፕራይም ቁጥሮች የተጠቀመበት ‹‹ዜታ›› የተባለው ፈንክሽን ነው የካርታውን ቁጥር የሚሰጠው። አንድ ነጥብ ምልክት ለተደረገበት ቦምቦሊኖ መልሱ ከዜሮ በታች 1/12 ነው፤ ዜታም በ-1 ላይ ያለው ዋጋ ይኸው ነው። (ክፍልፋይ የሆነው፣ ሲያዞሯቸው ራሳቸው ላይ የሚገጥሙ ቅርጾች ተከፍለው ስለሚቆጠሩ ነው።) ሁለቱን ሥራዎች በሁለት ዓመት ልዩነት የጻፋቸው አንድ ሰው ነው። ዝምድናቸው የታወቀው እሱ ከሞተ ከ120 ዓመት በኋላ ነው።

ካርታው ዛሬም ሰው ይፈልጋል። ኢራናዊቷ ማሪያም ሚርዛካኒ የዚህን ካርታ ስፋት በመለካትና በሌሎች ሥራዎቿ በ2014 የፊልድስ ሜዳሊያን የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እሷም በ2017 ገና በ40 ዓመቷ አረፈች።

ሪማን የጀመረውን ሁሉ አልጨረሰም። ያስቀመጠው ጥያቄ ግን ትክክለኛ ስለነበር፣ ሌሎች ከቆመበት ለመቀጠል አልተቸገሩም። እናንተም ወረቀት ካላችሁ ባለ 4 ጎኑን ቁረጡና ሞክሩት። ቦምቦሊኖ የሚሰጠው የትኛው ማጣበቂያ እንደሆነ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ሒሳብ ለሚወድ ጓደኛችሁም አጋሩት።