በጠላት ቢሮ ውስጥ የነበረው አብርሃ ደቦጭ

እኛ ቤት ጎተራ ኮንዶሚኒየም ቅዳሜ ማታ ፊልም ይታያል። ታናሽ ወንድሜ የሚመርጠው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አባቱ ወይም ወንድሙ የተገደለበት ሰው ስሙን ቀይሮ፣ መስሎ ተመሳስሎ የገዳዮቹ ቡድን ውስጥ ይገባል። አብሯቸው ይበላል፣ አብሯቸው ይጠጣል፣ በመጨረሻም ይበቀላቸዋል። ባለፈው ሰሞን እንዲህ ያለውን ፊልም እያየን ሳለ እኔን የታወሰኝ አብርሃ ደቦጭ ነው። የካቲት 12 በመጣ ቁጥር ስሙን ከሞገስ አስገዶም ጋር አጣምረን እንጠራለን፤ ቦምብ ወረወሩ እንላለን፤ እዚያው ላይ እናቆማለን። ለመሆኑ አብርሃ ከመወርወሩ በፊት የት ይሠራ ነበር? ብዙዎቻችን አናውቅም። የሚሠራው እዚያው ጣሊያኖቹ ቢሮ ነበር።

አብርሃ የኤርትራ ልጅ ነው። በዚያ ዘመን ጣሊያን በቅኝ ግዛቱ ውስጥ ለአገሬው ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ ትምህርት አይሰጥም ነበር። በዚህም ምክንያት መማር የሚፈልግ ወጣት መረብን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። አብርሃም ሞገስም ከእነዚህ ወጣቶች መካከል ነበሩ። ይሁንና ጦርነቱ ሲቃረብ ከወዲያ የመጣ ሁሉ መጠርጠሩ አልቀረም። አብርሃም ለጣሊያን ይሰልላል ተብሎ በኢትዮጵያ መንግሥት ታሰረ።

ታሪኩ ከፊልሙ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በፊልም ሰውየው ጠላት ቤት ለመግባት የሐሰት ታሪክ ይፈጥራል። አብርሃ ግን ምንም መፍጠር አላስፈለገውም፤ የገዛ ወገኑ ፈጥሮለታል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ፣ በእነሱ ምክንያት ታስሮ የነበረን፣ ጣሊያንኛ የሚያውቅን ሰው እንደ ወዳጅ ቆጠሩትና በፖለቲካ ቢሮአቸው ሥራ ሰጡት። ጎረቤት ያየው ባንዳ ሲሆን ነው። ጠዋት ወጥቶ ለጠላት ሠርቶ ማታ የሚመለስ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

የገባው ለበቀል አስቦ ነው ወይስ ከገባ በኋላ ነው ቂሙ የመጣው? እኔ ሁለተኛውን እገምታለሁ። በቢሮው በቆየባቸው ወራት ብዙ ደም ፈሷል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ደግሞ የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋወሰን ካሣ፣ ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ፍቼ ላይ ተገደሉ። የጣሊያንን ቃል ከውስጥ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይኼ ትልቅ ትምህርት ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። የጣሊያን አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ተወልዶለት ግራዚያኒ ለደስታው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው የስድስት ኪሎ ግቢ፣ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ አሰበ። አብርሃ ባለቤቱን ታደለች እስጢፋኖስን አስቀድሞ ወደ ደብረ ሊባኖስ ወስዷት ነበር። ከቤቱ ሲወጣም የጣሊያንን ባንዲራ ወለሉ ላይ በሳንጃ ቸክሎ፣ የኢትዮጵያን ባንዲራ ሳንጃው ላይ አስሮ እንደሄደ ይነገራል። መደበቅ ሰልችቶት ይሆን? ስለላ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ምልክት ጥሎ አይሄድም፤ እሱ ግን ማን እንደነበረ እንዲታወቅለት የፈለገ ይመስላል።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ቦምቦቹ ተወረወሩ። ግራዚያኒ ሰውነቱ በብዙ መቶ ፍንጣሪ ተበሳሳ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ፤ አቡነ ቄርሎስ ቆሰሉ፣ ጥላ ያዣቸው ሞተ። በግርግሩ መካከል አብርሃና ሞገስ ከግቢው አመለጡ። ውጭ መኪናውን ይዞ ይጠብቃቸው የነበረው ስምዖን አደፍርስ የሚባል የታክሲ ባለቤት ነው። እሱ ነው ወደ ደብረ ሊባኖስ ያደረሳቸው፤ ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እኔ ከጎተራ ስድስት ኪሎ በታክሲ ስመላለስ ስለ ስምዖን አስባለሁ። አብርሃና ሞገስ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሱ ግን ወደ ከተማው ተመለሰ፤ ተያዘ፤ ተሠቃይቶ ሞተ። ሐውልት ሲነሳ ስሙ እኮ እምብዛም አይጠራም።

ግቢው ውስጥ የቀሩት ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡት ድሆች ናቸው፤ ዓይነ ስውሩ፣ አንካሳው፣ አሮጊቷ። በሮቹ ተዘግተው መትረየስ ተተኮሰባቸው። ከዚያ የፋሺስት ፓርቲው ኃላፊ ጉይዶ ኮርቴሴ ሰዎቹን ከተማው ላይ ለቀቃቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ታረደ፣ ጎጆ ከነነዋሪው ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎታል፤ ጉዳዩን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 ያደርሰዋል።

ስለዚህ ጉዳይ በእረፍት ሰዓት ስንጨዋወት አንድ የክፍላችን ልጅ፣ ባይወረውሩ ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ ባልሞተ ነበር አለ። ንግግሩ ቀልድ አልነበረምና ዝም አልን። እኔ ከጊዜ በኋላ ሳስበው፣ ግድያው ከየካቲት 12 በፊት መጀመሩን አቡነ ጴጥሮስ ምስክር ናቸው፤ ጎጆ ያቃጠለውም አብርሃ አይደለም። ነገር ግን የልጁ ጥያቄ ጨርሶ አልለቀቀኝም። አብርሃ ቢሮው ውስጥ ሆኖ ጣሊያኖቹን ከማናችንም በላይ ያውቃቸው ነበር። ምን እንደሚያደርጉ ባይገምት ኖሮ ባለቤቱን ከከተማ ያወጣ ነበር? ለእነዚያ ድሆች ግን ማንም አልነገራቸውም። መንገር ደግሞ አይቻልም፤ ለአንድ ሰው ከተነገረ ሴራው ያበቃለታል። ፊልሙ ውስጥ ይኼ አይታይም።

ደብረ ሊባኖስም ዕዳውን ከፈለ። ግራዚያኒ መነኮሳቱ ደብቀዋቸዋል ብሎ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በጄኔራል ማሌቲ እጅ አስፈጃቸው። የጣሊያን ሰነድ የተገደሉትን 449 ይላቸዋል፤ በኋላ የተደረገው ጥናት ግን ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሳቸዋል።

አብርሃና ሞገስ ከደብረ ሊባኖስ ወጥተው ከአርበኞች ጋር ተቀላቀሉ። እዚያ ግን ብዙ አልቆዩም፤ ወደ ሱዳን ጉዞ ጀመሩ። ትናንት በጣሊያን ቢሮ ተቀምጦ ያየውን ሰው በረሃ ላይ ያገኘ አርበኛ ምን ያህል ያምነዋል? ጣሊያን ለዚያ ሁሉ ጊዜ አሰሳ አድርጎ ሁለቱን አልያዛቸውም። ድንበሩን ሳይሻገሩ መንገድ ላይ ተገደሉ።

ግራዚያኒ ከቁስሉ ዳነ። ለአዲስ አበባውም ሆነ ለደብረ ሊባኖሱ እልቂት አንድ ቀን ፍርድ ቤት አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1950 ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ 19 ዓመት ተፈረደበት፤ ወዲያው በጥቂት ወራት ውስጥ ተለቀቀ። በ1955 ሞተ፤ በ2012 አፊሌ በምትባል ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት።