የቅዱስ ጊዮርጊሱ ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓመተ ምሕረት በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረፁት ባለቅኔው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ልጅየው ግን ስማቸውን ያስጠሩት በዜማ ሳይሆን በኳስ ነው።

በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የቅዱስ ጊዮርጊስን ክለብ በአራዳ ሲመሠርቱ፣ ይድነቃቸው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ ክለቡ ውስጥ ገቡ፤ ለ23 ዓመታትም ተጫወቱለት። ነገር ግን ክለቡ ገና ዓመት ሳይሞላው ጠላት አዲስ አበባን ያዘ። የፋሺስት ሕግ ነጩንና ጥቁሩን በመኖሪያና በመዝናኛ ሲለያይ የኳሱ ሜዳም አላመለጠም፤ ኢትዮጵያዊ ከኢጣልያዊ ጋር እንዳይጋጠም ተከለከለ። የኋላ ሥራቸውን ለሚመረምር ሰው የነገሩ ሁሉ መነሻ ይህ ይመስላል።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ተደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን ቡድን ጋር በአንድ ሜዳ ተሰለፈ። ዋንጫውን እንግሊዞች ወሰዱት፤ ከዋንጫው ይልቅ ግን በአንድ ሜዳ መገናኘቱ ይበልጥ ነበር።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲቋቋም ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ደቡብ አፍሪቃ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላቀርብም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። ልትጋጠም የነበረው ከኢትዮጵያ ጋር ስለ ነበር፣ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነገሩ ተገለበጠ። በይድነቃቸው አሠልጣኝነት የተሰለፈው ቡድን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓትም ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈ። ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ፣ አባቱ ኢጣልያዊ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። የፋሺስት ሕግ እንዲህ ያለውን ልደት ይጠየፍ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል።

ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የደቡብ አፍሪቃን ነገር አልተዉትም፤ በ1968 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ያችን አገር ከአባልነት ሰረዘ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በካንሰር ሕመም ሲያርፉ አሁንም በዚያው ወንበር ላይ ነበሩ።