ማይክል ፋራዴይ፤ ከመጽሐፍ ጠራዥነት እስከ ሕዝብ መምህርነት

የሳይንስ ዕውቀት ለጥቂት ሊቃውንት የተመደበ ሀብት ነው ወይስ የማንኛውም ሰው ድርሻ? ይህ ጥያቄ በየዘመኑና በየአገሩ ሲነሣ የኖረ ነው። ጥያቄውን በኑሮአቸው ከመለሱት ሰዎች መካከል አንዱ እንግሊዛዊው የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ ነው። የፋራዴይ ስም በአብዛኛው የሚነሣው ከኤሌክትሪክ ጋር ነው። ጄኔሬተርና ትራንስፎርመር የተመሠረቱበትን ሕግ ያገኘ እርሱ ስለሆነ ይህ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ለአዋቂዎችና ለሕፃናት ሳይንስን በማስተማር ያሳለፈው ረጅም ድካም፣ እንዲሁም የአገሩ ትምህርት ቤቶች ሳይንስን ችላ በማለታቸው ያቀረበው ወቀሳ ያን ያህል ሲነገርለት አይሰማም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፋራዴይ የተወለደው በሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 በዚያን ጊዜ የለንደን ዳርቻ በነበረው ኒውንግተን በትስ በተባለው ሠፈር ነው። አባቱ ጄምስ ፋራዴይ ከሰሜን እንግሊዝ ኑሮ ፍለጋ የመጣ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ጤናውም ደካማ ስለነበረ ቤተሰቡ በችግር ይኖር ነበር። የእህል ዋጋ እጅግ በናረበት በ1801 ለማይክል የሚደርሰው አንድ ዳቦ ብቻ እንደነበረና ይህንኑ ለሳምንት ማብቃቃት ግድ ይለው እንደነበረ ይነገራል። በትምህርትም በኩል ያገኘው ነገር ጥቂት ነው፤ ማንበብ፣ መጻፍና የሒሳብ መጀመሪያ ብቻ። ከዚያ በላይ መደበኛ ትምህርት በሕይወቱ ሙሉ አልገጠመውም።

በ1804 ጆርጅ ሪቦ በሚባል የመጻሕፍት ነጋዴና ጠራዥ ዘንድ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው ጋዜጣ ለደንበኞች ማድረስና ተነብቦ ሲያበቃ መልሶ መሰብሰብ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ ታማኝነቱ ስለታየለት፣ ያለ ክፍያ ለሰባት ዓመት የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ እንዲማር ተፈቀደለት። ለሌላው ልጅ ይህ የእጅ ሥራ ብቻ በሆነ ነበር፤ ፋራዴይ ግን የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ማንበብ ጀመረ። ሁለት ጽሑፎች በተለይ ልቡን ማረኩት። አንደኛው በኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈው ክፍል ነው። ሁለተኛው ጄን ማርሴ የተባለች ሴት በአንዲት መምህርትና በሁለት ልጃገረዶች መካከል በሚደረግ ጭውውት መልክ ያዘጋጀችው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በመጀመሪያ ሲታተም የደራሲዋ ስም እንኳ አልወጣበትም ነበር። ፋራዴይ በመጽሐፉ የተነገሩትን ሙከራዎች አቅሙ በፈቀደለት መጠን በገዛ እጁ እየሠራ እውነትነታቸውን አረጋገጠ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ዝናው በዓለም በታወቀ ጊዜ የምርምር ጽሑፎቹን ለዚህች ደራሲ በምስጋና ይልክላት እንደነበረ ተመዝግቧል።

በ1810 ጆን ቴተም የተባለ ሰው በቤቱ የሚሰጠውን የማታ የሳይንስ ትምህርት መከታተል ጀመረ። የመግቢያው ዋጋ በአንድ ማታ አንድ ሺሊንግ ነበር፤ ይህንንም የሚከፍልለት በአባቱ ሙያ የተሰማራው ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነው። በዚህም ስፍራ እንደርሱ ዕውቀት የተራቡ ወጣት ሠራተኞችን አገኘ፤ እርስ በርሳቸውም እየተማማሩ የጎደላቸውን ለመሙላት ይጥሩ ነበር።

በ1812 ከሪቦ ደንበኞች አንዱ የሆነው ዊልያም ዳንስ፣ ታዋቂው ኬሚስት ሰር ሐምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰጣቸውን አራት ትምህርቶች እንዲያዳምጥ ትኬት ሰጠው። ፋራዴይ የሰማውን ሁሉ ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮበት፣ ከ300 ገጽ በላይ የሆነውን ማስታወሻ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። ዴቪ በደግነት ተቀብሎ ቢያነጋግረውም ክፍት ቦታ ባለመኖሩ የጥረዛ ሥራውን እንዳይተው መከረው። ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ የቤተ ሙከራው ረዳት በጠብ ምክንያት ከሥራ ስለተሰናበተ፣ ፋራዴይ በማርች 1 ቀን 1813 በሳምንት 25 ሺሊንግ ተቀጠረ። በላይኛው ፎቅም ሁለት ክፍል ተሰጠው። መጽሐፍ ጠርዞ መላኩ ዕድሉን እንደከፈተለት አያጠራጥርም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ዴቪን ተከትሎ ወደ አውሮፓ ተጓዘ። እስከ 1815 በቆየው በዚህ ጉዞ አምፔርንና ቮልታን ለማየት በቃ፤ በፍሎሬንስም አልማዝ በትልቅ ሌንስ በተሰበሰበ የፀሐይ ጨረር ሲቃጠልና ንጹሕ ካርቦን መሆኑ ሲታወቅ ረዳት ሆኖ ሠራ። ይሁን እንጂ የዴቪ ባለቤት እንደ ቤት አሽከር ስለምትቆጥረው ጉዞው ውርደትም ነበረበት። ምሁር ከሆኑት ሰዎች ጋር በአንድ ቤተ ሙከራ እየሠራ ከማዕዳቸው ግን መለየቱ በዚያ ዘመን ዕውቀትና የትውልድ ደረጃ ምን ያህል ተቆራኝተው እንደነበረ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ያከናወነውን ምርምር በዝርዝር ለመናገር ብዙ መጻሕፍት ያስፈልጋሉ። በ1821 ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦና በማግኔት አማካይነት የማያቋርጥ የመሽከርከር እንቅስቃሴ አስገኘ። በ1825 ቤንዚን የተባለውን የኬሚካል ውሁድ አገኘ። በኦገስት 29 ቀን 1831 በአንድ የብረት ቀለበት ሁለት ጎን ሽቦ ጠምጥሞ፣ በአንደኛው ጥምጥም የኤሌክትሪክ ጅረት በተለቀቀና በተቋረጠ ቁጥር በሁለተኛው ጥምጥም ላይ ቅጽበታዊ ጅረት እንደሚፈጠር አስተዋለ። የዛሬዎቹ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች የሚሠሩት በዚህ መሠረተ ሐሳብ ነው። ወደ ዝናም ሲወጣ ችግር አልተለየውም። በ1824 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ሲመረጥ የተቃወመው ራሱ ያሳደገው ዴቪ ነበር። ፋራዴይ ግን በቅሬታ አልተበቀለም፤ ስለ ዴቪ ታላቅነት እስከ መጨረሻው በአክብሮት ይናገር ነበር።

ፋራዴይን ከሌሎች ተመራማሪዎች የሚለየው ማስተማርን እንደ ትርፍ ሥራ አለመቁጠሩ ነው። ገና ረዳት በነበረበት በ1813 ለወዳጁ ለቤንጃሚን አቦት በጻፋቸው ደብዳቤዎች የአንድ ጥሩ የማስተማሪያ አዳራሽ አሠራር፣ የአየሩና የብርሃኑ አገባብ፣ የመሣሪያዎቹ መጠን፣ የመምህሩ አቋቋምና አነጋገር እንዴት መሆን እንደሚገባው በጥንቃቄ አትቷል፤ ትምህርቱም ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ አሳስቧል። አንደበቱን ለማረም ከገቢው ቀንሶ የንግግር መምህር ቀጥሮ ተማረ። በሚያስተምርበትም ጊዜ ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያስታውሰው ካርድ ከፊቱ ይቀመጥለት ነበር። ተሰጥዎ የሚመስለው አነጋገሩ ብዙ ልምምድ የተደረገበት ነበር።

በ1826 በሮያል ኢንስቲትዩሽን የዓርብ ማታ ትምህርቶችን አቋቋመ። በ1825 የተጀመረውንና በገና በዓል ሰሞን ለወጣቶች የሚሰጠውን ትምህርት ደግሞ ከ1827 እስከ 1861 መጀመሪያ ድረስ ባለው ጊዜ 19 ጊዜ ራሱ አስተማረ። ከእነዚህ ሁሉ ስመ ጥር የሆነው ስለ ሻማ ኬሚስትሪ የሰጠው ትምህርት ነው። በ1860 መጨረሻና በ1861 መጀመሪያ በስድስት ክፍል የሰጠውን ይህንን ትምህርት ዊልያም ክሩክስ አዘጋጅቶ በመጽሐፍ አሳተመው።

የዚህ ትምህርት ጥበብ አመራረጡ ላይ ነው። ሻማ በየቤቱ ያለና ማንም የሚያውቀው የሚመስለው ነገር ነው። ፋራዴይ ግን ከዚህች ትንሽ ነበልባል እየተነሣ የተፈጥሮን ሕግ ደረጃ በደረጃ አስረዳ። ዙሪያውን ወደ ላይ የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር የሻማውን ጠርዝ ስለሚያበርደው የቀለጠው ሠም የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ ቦታ ይፈጠራል። ፈሳሹ በክሩ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህንንም ለማሳየት በሰማያዊ ቀለም የተቀባ የጨው ውኃ በተቆለለ ጨው ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ አሳያቸው። ከነበልባሉ መካከል በብርጭቆ ቱቦ የተወሰደው ተን በሌላኛው ጫፍ ሲለኮስ ይነድዳል፤ ስለዚህ የሚቃጠለው ወደ ተን የተለወጠው ሠም ነው። የነበልባሉ ድምቀት ደግሞ ከጋሉ የካርቦን ቅንጣቶች የሚመጣ ነው። በነበልባሉ ላይ ቀዝቃዛ ዕቃ ሲያዝ ውኃ ያዥበታል፤ ከሻማው የሚወጣው ጋዝ የኖራ ውኃን ያደፈርሰዋል። በመጨረሻም የሰው እስትንፋስ ይህንኑ የኖራ ውኃ እንደሚያደፈርስ አሳይቶ፣ በሰውነታችን ውስጥ የሚካሄደው ሥራ ከሻማው መንደድ ጋር እንደሚመሳሰልና የምናስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዕፀዋት መልሰው እንደሚጠቀሙበት አስረዳ። ሕፃናቱ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ከሙከራዎቹ ብዙዎቹን ራሳቸው ሊደግሙ ይችሉ ነበር።

የሳይንስ ትምህርት ጉድለት ማኅበረሰቡን ምን እንደሚያስከፍለው ፋራዴይ በቅርብ ያየው ነገር ነው። በ1844 በሐስዌል የድንጋይ ከሰል ማዕድን በደረሰው ፍንዳታ 95 ሰዎች ሞቱ። አደጋውን እንዲመረምሩ የተላኩት ፋራዴይና የጂኦሎጂ ሊቅ የሆነው ቻርልስ ላይል የከሰሉ ብናኝ እሳቱን እንዳባባሰው በሪፖርታቸው አስታወቁ። ዳሩ ግን ይህ ማስጠንቀቂያ ለብዙ ዓመታት ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ቀረ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ድንቁርና ተነሣ። ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እጃቸውን ሲያሳርፉበት ጠረጴዛው በመናፍስት ኃይል ይንቀሳቀሳል የሚል እምነት በለንደን ተስፋፋ። የሚበዙት አማኞች የተማሩ የሚባሉት ነበሩ። ፋራዴይ ጉዳዩን በመሳቅ አላለፈውም። በተቀማጮቹ እጅና በጠረጴዛው መካከል በሚለጠጥ ሙጫ የተያያዙ ካርቶኖችን ደርድሮ ፈተነ፤ ከጠረጴዛው አስቀድሞ የተንቀሳቀሰው ከእጃቸው ሥር ያለው ካርቶን መሆኑ ታወቀ። ሰዎቹ ሳያውቁት ጠረጴዛውን ይገፉ ነበር ማለት ነው። እጃቸው መንቀሳቀሱን የሚጠቁም ዘንግ ከፊታቸው ሲቆምላቸው ደግሞ ጠረጴዛው ፈጽሞ ቆመ። ውጤቱን በ1853 በታይምስ ጋዜጣ አወጣ። በምላሹም ብዙ ነቀፌታ ደረሰበት። ይህም አሳዝኖት በ1854 ስለ አእምሮ ትምህርት ባደረገው ንግግር ትልቁ ጉድለት ራስን የመመርመርና ፍርድን የማዘግየት ልማድ ማጣት መሆኑን አስገነዘበ።

በኖቬምበር 1862 የታላላቆቹን የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች አቋም የሚመረምረው የመንግሥት ኮሚሽን ፋራዴይን ጠርቶ አስተያየቱን ጠየቀ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የተማሪው ጊዜ ባብዛኛው የሚያልፈው በላቲንና በግሪክ ቋንቋ ነበር። የ71 ዓመቱ ሽማግሌ ቋንቋዎቹን አላጣጣለም። ነገር ግን በቋንቋ ብቻ የሠለጠነ አእምሮ ስለ ተፈጥሮ ሲጠየቅ አለማወቁን እንኳ የማያውቅ እንደሚሆን፣ ለዚህም የጠረጴዛው ነገር ምስክር መሆኑን አስረዳ። ሕፃናት አይገባቸውም የሚለውን ምክንያትም አልተቀበለም፤ በረጅም የማስተማር ዘመኑ የነገሩትን ለመረዳት የማይበቃ ሕፃን አላጋጠመውም። የኮሚሽኑ ሪፖርት በ1864 ሲወጣ የተፈጥሮ ሳይንስ በመደበኛ ትምህርት ውስጥ እንዲገባ አሳሰበ። ይሁን እንጂ መምህራንና መሣሪያ ባለመዘጋጀታቸው፣ የትምህርት ቤት ኃላፊዎችም ባለመፍቀዳቸው አፈጻጸሙ አዝጋሚ ሆነ።

ስለ ፋራዴይ ሲነገር ጉድለቱንም ማንሣት ተገቢ ነው። ከፍተኛ ሒሳብ ባለመማሩ ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት ያመነጨውን ሐሳብ በቀመር ሊገልጸው አልቻለም፤ ይህን የፈጸመለት ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። ለብዙ ሺሕ ሰዎች ቢያስተምርም በቤተ ሙከራው ተተኪ ተመራማሪዎችን አላሠለጠነም። የሮያል ኢንስቲትዩሽን ትምህርት በክፍያ ስለነበረ የሚበዙት አድማጮቹ የባለጸጎች ልጆች ነበሩ፤ በ1804 ጋዜጣ ያድል የነበረውን ልጅ የመሰለ ሌላ ድኻ በራሱ አቅም ወደዚያ አዳራሽ ለመግባት ይቸገር ነበር። ፋራዴይ ራሱ የተማረው በአሠሪው ደግነት፣ በወንድሙ ሺሊንግና በአንድ ደንበኛ ትኬት ነው። አንድ ማኅበረሰብ ሊቃውንቱን በእንዲህ ያለ አጋጣሚ ብቻ የሚያገኝ ከሆነ ሳይታወቁ የሚቀሩት ስንት እንደሚሆኑ መገመት አያስቸግርም።

ፋራዴይ የሮያል ሶሳይቲን ፕሬዚዳንትነትና የሰርነትን ማዕረግ ሳይቀበል ቀርቶ፣ የማስታወስ ኃይሉ እየደከመ ሄዶ በኦገስት 25 ቀን 1867 ዐረፈ። በፈቃዱም መሠረት ያለ ብዙ ሥነ ሥርዓት በሃይጌት መካነ መቃብር ተቀበረ። የገናው ትምህርት ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከመቋረጡ በስተቀር ሳይታጎል ቀጥሏል፤ ከ1966 ጀምሮም በቴሌቪዥን ለሕዝብ እየቀረበ አዳራሹ ከማይችለው እጅግ የበዛ ተመልካች አግኝቷል። ስለ ሻማ ያስተማረበት መጽሐፍም በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። የተሟላ ቤተ ሙከራ ለሌለው የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ከዚህ መጽሐፍ የሚገኘው ትርፍ ቀላል አይደለም። አንድ ጧፍ፣ አንድ ብርጭቆና ጥቂት የኖራ ውኃ ካሉ ትምህርቱን መጀመር ይቻላል፤ የቀረው የመምህሩ ዝግጅትና የተማሪው ጥያቄ ነው።