የወፎች ዝምታ ያሳሰባት ሳይንቲስት

ራቸል ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1907 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በስፕሪንግዴል ከተማ ተወለደች። ያደገችው በወላጆቿ አነስተኛ እርሻ ላይ ሲሆን፣ ወፎችንና የዱር እንስሳትን እንድታስተውል ያስለመደቻት እናቷ ነበረች። በ1932 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሥነ እንስሳት ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ፣ በኋላ በመንግሥት የዓሣ ሀብትና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ለዓመታት አገለገለች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ በእርሻና በደን ላይ በአውሮፕላን ጭምር ይረጭ ጀመር። ተባዩ ቢሞትም መርዙ ከአካባቢው አልጠፋም። በዛፍ ላይ የተረጨው ከረገፈው ቅጠል ጋር አፈር ውስጥ ገባ፤ ቅጠሉን የምድር ትል በላው፤ ትሉን የለቀመችው ወፍም ሞተች። ተባይ እየለቀሙ ገበሬውን ያለ ክፍያ የሚያግዙ ወፎች ርጭት በበዛበት አካባቢ ተመናመኑ። ካርሰን ይህን ሰንሰለት ከተመራማሪዎች ማስረጃ አሰባስባ በ1962 ባሳተመችው «ዝምተኛው ጸደይ» በተሰኘ መጽሐፏ ለሕዝብ አሳወቀች።

ኬሚካል አምራቾች ዘመቱባት። እሷ ግን ኬሚካል ጨርሶ አይነካ አላለችም፤ ያለ ዕውቀትና ያለ ልክ መርጨት እንዲቆም፣ ተባይን በተፈጥሮ ጠላቶቹ መከላከልም እንዲለመድ ነው የጠየቀችው። በ1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሳይንስ አማካሪዎች ሥጋቷን ደገፉ።

ከጡት ካንሰር ጋር እየታገለች መጽሐፏን የጨረሰችው ካርሰን በ1964 በ56 ዓመቷ አረፈች። አሜሪካ ዲዲቲን ከአብዛኛው የእርሻ ሥራ ያገደችው እሷ ካለፈች ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። የእንቁላላቸው ቅርፊት በመርዙ ሳስቶ ይሰበርባቸው የነበሩ ንስሮችም ከዚያ ወዲህ ዳግም በዙ።